ደረት ላይ የተያያዘ መንጠቆ

ጋራዣችን ከቦንጋ ገበያ ወረድ ብሎ ነው። ገልባጭ፣ ቦቴ፣ አንዳንዴም ግሬደር ይገባበታል። ስቀጠር ብቸኛዋ ሴት መካኒክ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። እዚሁ ቦንጋ አጠገብ የማንኪራ መንደር ሰው ናቸው። አባታቸው ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ ሰቃይ ስለነበሩ እሳቸውም መፍቻ ከመጨበጣቸው በፊት የዛፍ ቅርንጫፍ ጨብጠዋል። መኪና ላይ ሲወጡ ዕድሜያቸውን መሬት ላይ ትተውት ነው። እኔ ግን ከፍታ እፈራለሁ፤ ስለምፈራም አፌ አያርፍም።

አንድ ቀን የደህንነት ቀበቶ መጣልን። ትከሻና ጭን ላይ የሚጠላለፍ ነው፤ ከጀርባው ረጅም ገመድ፣ ከገመዱ ጫፍ ትልቅ መንጠቆ አለው። አንድ አሠልጣኝ መጥቶ አስለበሰን፣ ፎቶ አነሳን፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቀበቶ ሳይታጠቁ መውጣት ክልክል ሆነ። የቀረው ነገር መንጠቆው የሚያዝበት ቦታ ብቻ ነበር። የጋራዡ ቆርቆሮ የተመታው በባሕር ዛፍ ማገር ላይ ነው፤ ማገሩንም ግማሹን ምስጥ በልቶታል። እንኳን ሰው ድመት አይሸከምም።

ጋሼ መንጠቆውን ይዘው ወደ ጣሪያው ሲያዩ ቆዩና ሳቁ።

«ቀፎ ስንሰቅል እኛም በሐረግ እንታሰር ነበር» አሉኝ። «እኛንም ግንዱንም አንድ ላይ የሚያቅፍ ሐረግ ነው። ቢያዳልጥሽ ዛፉ ይይዝሻል። እዚህ ማን ነው የሚይዘኝ?»

ይህንኑ ለኃላፊያችን ነገርኩት። እኩያዬ ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም። ከጣሪያው ሥር እስከ ግቢው የሚዘልቅ፣ መንጠቆ የሚይዝ የብረት ተሸካሚ በእጄ ሥዬ ሰጠሁት። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ቀበቶው ገብቷል እኮ፤ ሪፖርትም ተደርጓል። ብረቱ በሚቀጥለው ፕላን ይያዛል» አለኝ። ደጋግሜ ሄድኩ፤ መልሱ ያው ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄው ነው።

እስከዚያው ገመዱ ራሱ ጠላት ሆነብን። እየተጎተተ እግር ይጠልፋል፣ የመሰላል ደረጃ ላይ ይጠመጠማል። አንድ ቀን ጋሼን ሊጥላቸው ሲል ተናደድኩና ገመዱን ሰብስቤ፣ መንጠቆውን ደረታቸው ላይ ካለው ከራሱ ከቀበቶው ቀለበት ጋር አያያዝኩት። «ይኸው፣ አሁን አይጠልፍዎትም» አልኳቸው። ሌሎቹም አይተው እንደዚያው አደረጉ። ሳምንት ሳይሞላ የጋራዡ ወግ ሆነ፤ ሁላችንም ራሳችንን ከራሳችን ጋር አስረን እንወጣለን። ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ የወደቁት ካፊያ በነበረበት ጠዋት ነው። የውሃ ቦቴ ገብቶ የላይኛውን ክዳን ማጠፊያ ይቀይራሉ። ቦቴው ውጭ ቆሟል፣ ጀርባው ክብ ነው፣ ረጥቧል። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ መፍቻ አቀብላለሁ።

«ጋሼ፣ እስኪደርቅ ይውረዱ» አልኳቸው።

«ቦንጋ ላይ ደግሞ ምን ሲደርቅ አይተሽ ነው?» አሉኝ።

እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው።

ጫማቸው ሸተት አለ። የሚወድቅ ሰው እጁ የገባውን ይይዛል፤ በእሳቸው እጅ የገባው ደረታቸው ላይ የነበረው ገመድ ነው። አጥብቀው ያዙት። እኔም እጄን ዘረጋሁ፣ ግን ርቀውኝ ነበር። ገመዱን ጨብጠው እንደያዙ ሲሚንቶው ላይ ወደቁ። ስደርስ እጃቸው አሁንም አልለቀቀውም ነበር፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ የፈታሁት እኔ ነኝ።

ወደ ጅማ ሆስፒታል ተላኩ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ከወገባቸው በታች ግን አይሰማቸውም።

ያየሁት እኔ ስለሆንኩ ቅጹን እኔ እንድሞላ ተጠራሁ። «ሠራተኛው የደህንነት ቀበቶ ታጥቆ ነበር?» ይላል፤ ከጎኑ «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ።

«መንጠቆው የት እንደነበረ የምጽፈው የቱ ጋ ነው?» ብዬ ኃላፊያችንን ጠየቅሁት።

ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። «እሱ አልተጠየቀም» አለ። ፊቱን አየሁት፤ እሱም ጨንቆታል። እውነት ለመናገር ታጥቀው ነበር። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩና ፈረምኩ። ቆይቶ አደጋው የደረሰው «በራስ ጥንቃቄ ጉድለት» ነው የሚል መልስ መጣ። ኅዳግ ላይ ልጽፍ እችል ነበር፤ ግን ብጽፍ መንጠቆውን ደረታቸው ላይ ማን እንዳያያዘው ልጽፍ ነው። ፈራሁ። ከፍታ ብቻ አይደለም ለካ የምፈራው።

ወደ ቤታቸው ከተመለሱ ወዲህ እሑድ እሑድ እጠይቃቸዋለሁ። አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነው፤ የግቢው የዋንዛ ዛፍ ይታያቸዋል። ባለፈው «ብረቱ ተተከለ?» አሉኝ።

«እየተሠራ ነው ጋሼ» ብዬ ዋሸኋቸው።

ዛፉን አዩ። «እስኪያልቅ እንዳትወጪ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ።

በማግስቱ ሌላ ቦቴ ገባ። ጋሼ ስለሌሉ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ቀበቶውን ታጠቅሁና መንጠቆውን ይዤ ማገሩን፣ ሰማዩን፣ የቦቴውን ክብ ጀርባ አየሁ። መንጠቆውን ደረቴ ላይ አያያዝኩትና መሰላሉን ያዝኩ።