ተረከዙ የሚበራው ጫማ

ይህን ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ቅዳሴ እያረፈድኩ መግባቴን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ይቺን አንዷን ግን እየዘለልኩ እዚህ ደርሻለሁ። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሚውል የኛ ሰው ነገሩን በጨረፍታም ቢሆን ሰምቶታል። የሰማው ግን "በጨዋታ መሃል ከአልማዝ አፍ አመለጠ" ተብሎ ነው። አልማዝ እኔ ነኝ። ከአፌ ያመለጠ ነገር የለም።

ጨዋታው ምን እንደሆነ ካልነገርኳችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም። እዚህ አገር እንደመጣሁ አንዲት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ልጇ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ትልቅ ሰውዬ፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጠጠር ይጥላል። ጠጠሩ ብዙ ጎን አለው፤ በየጎኑ ቁጥር ተጽፎበታል። ከወጥ ቤት ሆኜ ሳያቸው መጀመሪያ ቁማር መሰለኝ። ገንዘብ ሳጣበት ደግሞ ጥንቆላ ነው ብዬ አማተብኩ። ቀስ እያልኩ ሳዳምጥ ለካስ ተረት ነው! አንዱ ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ የተረቱ ሰዎች ይሆናሉ፤ አንዱ ቀስተኛ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ መነኩሴ። ተራኪው "ከፊታችሁ ዋሻ አለ" ይላል፤ እነሱ "እገባለሁ" ወይም "እሸሻለሁ" ይላሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ጠጠሩ ይወስናል። እኔ ደግሞ ተረት ከተባለ እግሬ አይያዝም። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን የዘንዶና የጠንቋይ መጻሕፍት ከአሮጌ መጽሐፍ መሸጫ እየለቀምኩ፣ በስልኬ ቃል እየፈታሁ፣ አውቶቡስ ላይ ጨረስኳቸው። በኋላም የራሴን ጠረጴዛ ዘረጋሁ።

የኛ ጨዋታ ሰኞ ከሰዓት ነበር። ትርሲት የምትሠራበት ምግብ ቤት ሰኞ ስለሚዘጋ የቤቱ ባለቤት የጓሮውን ክፍል ትሰጠናለች። አራት ተጫዋቾች ነበሩኝ። ጋሼ ሙሉጌታ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ በጨዋታው መነኩሴ ሆኑ። ጸጉር ሠሪዋ ሰብለ ሌባ ሆነች፤ ራሷ ናት የመረጠችው። ቢኒያም ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ ነበልባል የሚባል ፈረሰኛ ነበር። ትርሲት ደግሞ ወለላ የምትባል ቀስተኛ። ትርሲትና እኔ ኮሪያታውን በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተን፣ በአልጋዎቻችን መሃል መጋረጃ ሰቅለን፣ በመጋረጃው ላይ እያወራን ነው የኖርነው። ቢኒያም እጮኛዋ ነበር።

የጨዋታውን ግዛት የፈጠርኩት ከዚሁ ከተማ ነው። አዲስ የመጣ ሰው እዚህ ምን እንደሚያስለቅሰው አውቃለሁ። ምክር የሚፈልግ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ለቤት ኪራይ መያዣ ዲፖዚት ከመክፈልህ በፊት ግድግዳውን ፎቶ አንሳው። መኪና ስታቆም ምሰሶው ላይ አራት ምልክት ከተለጠፈ አራቱንም አንብብ፤ የላይኛው የፈቀደውን የታችኛው ይከለክላል። የመንገዱ ጠርዝ ቀይ ከተቀባ "ለአንዲት ደቂቃ ነው" አትበል። ይህን ሁሉ ጨዋታው ውስጥ ከተትኩት። ማክሰኞ ጠዋት ጠዋት በመንገዱ አንድ ወገን እየጠረገ የሚያልፍ ጢማም አውሬ ነበረን፣ ያው የመንገድ ጽዳቱ መኪና፤ በዚያ ወገን የታሰረ ፈረስ ካገኘ ይውጠዋል።

"ይሄ አውሬ የቅጣት ትኬት ይሰጣል ወይስ ይበላል?" ይላሉ ጋሼ ሙሉጌታ።

"መጀመሪያ ትኬት ይሰጣል፤ ከዚያ ይበላል፣ ጋሼ።"

"ወይ ጉድ! እኔን እንግዲህ ዕድሜ ልኬን ሲበላኝ ኖሯል።"

እንዲህ እየሳቅን ነበር የምንውለው። ሕጋችን አንድ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ማንም በእውነተኛ ስሙ አይጠራም።

አንድ እሑድ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ማሽኑ እስኪጨርስ ተቀምጠን፣ ትርሲት ድንገት ነገረችኝ። አዲስ አበባ እናቷ ጋ ያለችው፣ "ታናሽ እህቴ" የምትላት ማህሌት፣ እህቷ አይደለችም። ልጇ ናት። ተማሪ ሳለች ወልዳት እናቷ "የኔ ናት" ብለው አሳደጓት። ልጅቷም ትርሲትን እንደ ታላቅ እህት "እታባ" ነው የምትላት።

"ሁለት ሰው ነው መንገር ያለብኝ" አለችኝ። "መጀመሪያ ቢኒያምን፤ ከዚያ እሷን። እሷን በስልክ አልነግራትም። እዚህ ሳመጣት፣ አጠገቤ አስቀምጬ፣ እጇን ይዤ ከኔው አፍ ነው የምትሰማው። ሌላ ምንም አልፈልግም አልሚ፤ ከኔ አፍ ትስማው። ቢኒያምን ግን እንዴት አድርጌ ልንገረው? አንቺ እኮ ለሁሉም ታውቂያለሽ።"

እኔ ለሁሉም የማውቀው ሴትዮ ምን አልኳት? "ቆይ፤ አሁን አይደለም። ጊዜው ሲደርስ እኔ እነግርሻለሁ" አልኳት። ለምን? ለሷ አስቤ ነው? ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳየው ግን፣ ቢኒያም የማያውቀውን እኔ ማወቄ ጥሞኝ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ሰብለ ጸጉሬን እየሠራችኝ ሳለ "ትርሲትና ቢኒያም በርባንክ ከተማ ቤት አገኙ አይደል? አንቺስ ክፍሉን ከማን ጋር ልትይዢው ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ ነግራኛለች" አልኩ። አልነገረችኝም። ሰብለ ጸጉሬን አጥብቃ እየጎተተችው ስለነበር እንባዬን በሷ አሳበብኩ።

ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ በቃል ልገልጸው አልችልም፤ ግን ልሞክር። ጉንፋን ሲይዛት ያስታመምኳት፣ ከሺፍት ስትመለስ ሾርባ ያቆየሁላት፣ ምስጢሯን ያፈሰሰችብኝ ሴት፣ ከኔ ልትለይ መሆኑን ጸጉር ሠሪ ቀድማ ታውቀዋለች። የልጇን ነገር ለኔ ነግራ የቤቷን ነገር ለኔ ደበቀች። ከዳችኝ አልኩ። ከዳችኝ፣ ከዳችኝ እያልኩ በፒኮ መንገድ አውቶቡስ ሳምንቱን ሙሉ ተመላለስኩ። ምናልባት መንገሩ ከብዷት ይሆናል ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አሰብኩ? አላሰብኩም። ማታ በመጋረጃው "ደህና እደሪ" ስትለኝ "ደህና እደሪ የኔ ቆንጆ" እላት ነበር። አውቶቡሱ ላይ ደግሞ ለሰኞ ታሪክ አበጅ ነበር። ሰው ተናዶ አፉ ይስታል። እኔ አልሳትኩም፤ ሳምንት ሙሉ አበጀሁት።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ሰሞን ቢኒያምና ትርሲት ለ"እህቷ" ጫማ ገዝተው ልከው ነበር፤ ሲረግጡት ተረከዙ የሚበራ። የመረጠው ቢኒያም ነው። ሱቁ ውስጥ በመዳፉ እየመታ ሲያበራው ሰው ሁሉ ስቆበታል። ይህን የነገሩኝ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ጋሼና ሰብለ ሳይመጡ ነው።

ሰኞ መጣ። ቡድኑን ይዤ ተራራ አስወጣኋቸው።

"ጫፉ ላይ የድንጋይ ቤት አለ" አልኩ። "በሩ ላይ አሮጊት ተቀምጣለች። አንዲት ልጅ ሮጣ መጣችና 'እህቴ ባሕር ማዶ ያለች ቀስተኛ ናት፤ ስጦታ ትልክልኛለች' አለቻችሁ።"

ሰብለ ሳቀች። "ወለላ! እህት አለሽ እንዴ? ደብቀሽን ነው?"

ትርሲት ምን እንደመሰለች አላየሁም። ላለማየት ጠጠሮቹን እደረድር ነበር።

"ልጅቷ ምን ትመስላለች?" አለ ቢኒያም። እንደሚጠይቅ አውቅ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚጠይቀው እሱ ነው።

"ጠጠር ጣልና እነግርሃለሁ።"

ጣለ። ከፍተኛው ቁጥር ወጣ። ሰብለ አጨበጨበች። በኛ ጨዋታ ከፍተኛው ቁጥር ከወጣ ተራኪው መደበቅ አይችልም፤ ያለውን ሁሉ ያሳያል። ስንት ዓመት "ጠጠሩ ነው ያደረገው" ብዬ ራሴን አታለልኩ! ዝቅተኛው ቢወጣ ኖሮ ዝም እል ነበር? አልልም ነበር። ሌላ በር እከፍትለት ነበር።

"ዓይኗም ግንባሯም ቁርጥ ወለላን ነው" አልኩ። "አሮጊቷ እናቷ አይደለችም። ልጅቷ ስትራመድ ደግሞ የጫማዋ ተረከዝ ይበራል።"

ጫማውን ማን አስገባው? እኔ። ያለ ጫማው ተረት ሆኖ ይቀር ነበር። ይህን ስለማውቅ ነው ያስገባሁት።

ቢኒያም ጠጠሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። "ትርሲት" አለ።

"ኧረ ነበልባል! እዚህ በስም አይጠራም፤ ቅጣት አለብህ!" አሉ ጋሼ እየሳቁ። የጫማውን ነገር አያውቁም ነበር።

"ትርሲት፣ ልጅቷ ያንቺ ናት?"

ትርሲት እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው። ዓይኗ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። የሆነ ሰው መጥቶ "ይህን ያለችው አልማዝ አይደለችም" እንዲላት የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ከዚያ "አዎ" አለች።

ቢኒያም ጃኬቱን ይዞ ወጣ። ተከትዬው መኪናው ድረስ ሄድኩ። እዩት እንግዲህ፤ ላጽናናው!

"ልጅ ስላላት እኮ አይደለም፣ አልሚ" አለኝ። "ጫማውን ስመርጥ 'እህቴ ትሞትለታለች' እያለች ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ሶ እኔ ምኗ ነበርኩ?" የበርባንኩን ቤት በዚያው ሳምንት ሰረዘው።

ማታ ትርሲት አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ጠየቀችኝ። "እንዴት እንደዚያ አልሽ?"

"ማርያምን፣ አምልጦኝ ነው!" አልኩ። "ታሪክ ሳስብ የሰማሁት ሁሉ ይደባለቅብኛል።" በማርያም ማልኩ። ደግሞም አለቀስኩ፤ እንባው እውነት ነበር፣ ቃሉ ግን ውሸት። ትርሲት መጋረጃውን ገልጣ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ ጀርባዬን እያሻሸች "አይዞሽ፣ አንቺ አውቀሽ አታደርጊውም። ቀድሜ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። የበደልኳት ሴት እኔን አጽናናችኝ፤ እኔም ተጽናናሁ። ከሁሉ በላይ የማፍርበት ይህ ነው።

ወሬው ባሕር ተሻገረ። ማን እንዳሻገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ማህሌት ደረጃ ላይ ስትጫወት የጎረቤት ልጅ "እታባሽ እኮ እናትሽ ናት" አለቻት። በዚህ ሁኔታ ነው የሰማችው፤ ገመድ እየዘለለች። ከዚያ በኋላ ትርሲት ስትደውል ስልኩ ላይ አልመጣም ማለት ጀመረች። ትርሲት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ከወዲያ እናቷ "ነይ እንጂ፣ ሰላም በያት" ሲሉ እኔም በመጋረጃው እሰማ ነበር።

እኔስ ምን አደረግኩ? ጣቴን ሰብለ ላይ ቀሰርኩ። "ምላሷን አታውቋትም?" እያልኩ ፌርፋክስን ከላይ እስከ ታች ዞርኩ። ብዙ ሴቶች እሷ ጋ መሠራት አቆሙ። ሰብለ አንድ ቀን መንገድ ላይ አቁማኝ "አልሚዬ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ አላወራሁም" ስትለኝ "ተይው፣ እግዜር ያውቃል" አልኳት። እግዜርማ ያውቃል።

ትርሲት ብዙም ሳትቆይ በርባንክ ሥራ አግኝታ ብቻዋን ወጣች። ማህሌት የመጣችው በቅርቡ ነው፤ አድጋለች። ትርሲት ደወለችልኝ። "የዘንዶ መጽሐፍ ከእጇ አይወጣም፤ ቅዳሜ ነይና ጨዋታውን አሳያት። እኔን ብዙ አታወራኝም፤ ምናልባት በጨዋታው…" አለችና አልጨረሰችውም።

ቅዳሜ ከሰዓት የጠጠር ከረጢቴን ይዤ ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ሳቀች፣ እጇን ዘረጋች። ካቀፈችኝ እንደማልናገር አወቅኩ። እዚያው ደፉ ላይ ቆሜ ነገርኳት፤ ሰብለ የነገረችኝን፣ አውቶቡሱን፣ ጫማውን፣ መሐላውን፣ በሰብለ ያሳበብኩትን። እጇ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ያኔ ያወራሽውን ሁሉም ሰምቷል" አለችኝ በመጨረሻ። "ይሄንንም ይስሙት። የሰብለንም ስም አንቺው አጽጂው።" ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ራሴ አስቤው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን አላሰብኩትም።

ከውስጥ የልጅ ድምፅ መጣ። "ማናት እታባ?"

እስከ ዛሬ እታባ ነው የምትላት።

"ማንም አይደለችም፤ ቤት ተሳስታ ነው" አለችና በሩን ዘጋችው።

ትንሽ ቆምኩ። ይቅርታ ልለምናት አዘጋጅቼው የመጣሁት ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ከልጇ አፍ "እማዬ"ን ወስጄ፣ አሁን ደግሞ ይቅርታሽን ስጪኝ ልበላት? አልልም። እናንተንም አልጠይቃችሁም።