የጋሽ መስኮት ራጅ

የጥርስ ሐኪሙ አዲሱ የራጅ ማሽን ያለበት ክፍል ድርሽ የማይለው ጨረር ፈርቶ ነው ተብሎ ተወራ። እርሳስ የተሰፋበትን ሽርጥ ለብሶ ነው የሚተኛው ያሉም አልጠፉ። ውሸት ነው። ሰውዬው የሚንቀው እንጂ የሚፈራው ነገር የለውም። በሽተኛን ይንቃል፣ ሌላ ሐኪም ይንቃል፣ ማሽኑን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይንቃል።

ጋሽ መስኮት የሚሉት ትንሿን የራጅ ፊልም በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በመስኮት ብርሃን ስለሚፈርድ ነው። ልጁ እንደሱው የጥርስ ሐኪም ሆና መጥታ፣ ጭንቅላትን እየዞረ የሚያነሳ ስሪ ዲ ራጅ ክሊኒኩ ውስጥ ስታስተክል፣ «ፎቶ ቤት ከፈትሽ?» አላት።

«አባዬ፣ ለተራ ቀዳዳ ያንተው ይበቃል፤ ጨረሩም ያነሰ ነው። ግን ፊልምህ ጥላ ነው የሚያሳይህ። አንዱ ሥር ሌላው ላይ ሲደረብ የኋላው አይታይም።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ስነቅል የኖርኩት ጥላ ነዋ!»

ብዙም ሳይቆይ ሚስቱን የላይኛው መንጋጋ ጥርሷ አመማት። ሥሩን ቀደም ሲል አክሞ የሞላው እሱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ሊያማት አይችልም። ፊልም አነሳ፣ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ በገዛ ሥራው ተደሰተ። «ያመመሽ ጎረቤቱ ነው» ብሎ ጎረቤቱን ነቀለው። ሕመሙ ግን ባሰ እንጂ አልበረደም፤ ጉንጯም አበጠ።

«እንግዲህ የወዲያኛውን ነዋ» አለ፣ ማደንዘዣውን በመርፌ እየሳበ።

ሚስቱ ከወንበሩ ወረደች። «አንተ ሰውዬ፣ አፌን ባዶ ሜዳ ልታደርገው ነው እንዴ? የተረፈኝን ልጄ ትየው» ብላ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባች። እሱም ሊስቅባቸው ተከተላት።

ማሽኑ ዞሯት ቆመ። ልጅቱ ያንኑ የታከመ ጥርስ ስክሪኑ ላይ እንደ ሽንኩርት ስስ ስስ አድርጋ እየከተፈች አገላበጠችው። አባቷ ከሞላው የሥር ቦይ ጀርባ ሌላ ያልተነካ ቦይ አለ፤ ጫፉ ላይ መግል አጥንቱን በልቶታል።

«እማዬን ያመማት ይኸው ነው፤ ካከምኩት ይተርፋል» አለች። «የነቀልከው ግን ደህና ነበር፣ አባዬ።»

ሚስትየው ምላሷን ባዶው ድድ ላይ አሳለፈችና ባሏን አየችው። እሱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። እናትና ልጅ ወደ ሕክምናው ወንበር ሲያመሩ፣ ከኋላቸው ድምፁ ተሰማ።

«ተደብቆ እኮ ነው። እንደ ሰው ፊት ለፊት ቢቆም እኔ አጣው ነበር?»