ቀኝ እግሩን የሚጎትተው ሰው

በሬዲዮ ጣቢያው ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ሁሉም «ኮቴ» ነው የሚላት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በድራማ ውስጥ የተራመደው ሁሉ፣ ዳኛውም፣ ሌባውም፣ ሙሽራዋም እሷ ነበረች። ስቱዲዮው ጥግ ላይ ሁለት ክንድ የምታህል ጣውላ፣ አንድ ሣጥን አሸዋና አሥራ አራት ጥንድ ጫማ ነበራት። ተዋናዮቹ ማይክሮፎኑን ከበው ሲያወሩ፣ እሷ እዚያችው ቆማ አገር ታቋርጣለች። ዛሬ እንዲህ ያለ ሥራ የት አለ! ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቁልፍ ይጫኑና ሰው ይራመዳል፤ ያውም ሁሉም አንድ ዓይነት።

የተቀጠረችው በታይፒስትነት ነበር። ድምፅ ሠሪው የታመመ ዕለት ዳይሬክተሩ «እስቲ አንቺ፣ ሁለት እርምጃ ወዲህ ወዲያ በይልን» አላት፤ በዚያው ቀረች። እናቷ ይህን ስትሰማ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩሽ ጣውላ እንድትረግጪ ነው? ሰው ልጅሽ ምን ትሠራለች ቢለኝ ምን ልበል? ትሄዳለች ልበል?»

«እማዬ፣ እንጀራዬ እኮ ነው።»

«የታይፑ እንጀራ ምን አነሰሽ? እስከ እሑድ ወደ ወንበርሽ ካልተመለስሽ እናትና ልጅ አይደለንም!»

ኮቴ ጨነቃት። እናቷን ትወዳለች፤ ሥራው ደግሞ በሁለት ወሩ ደሟ ውስጥ ገብቷል።

በዚያው ሳምንት የእሑዱ ድራማ ጽሑፍ ላይ ከሥራ ደክሞት የሚገባ ሽማግሌ መጣ። አሥራ አራቱንም ጫማ ሞከረች፤ ዳይሬክተሩ «ይሄ ሰውዬ አልደከመውም» እያለ ይመልሳታል። እንዴት እንደደፈረች እንጃ፣ በማግስቱ ከእናቷ አልጋ ሥር የአባቷን ጫማ ይዛ ከች አለች። አባቷ ከሞተ ገና ዓመቱ ነበር። ፖስታ አዳይ ነበር፤ ቀኝ እግሩን ስለሚጎትት የቀኙ ተረከዝ ቶሎ እያለቀ፣ ጫማ ሰፊው ብረት መትቶለታል። ጨርቅ ጠቀጠቀችበትና ሄደች፦ ግራው ዱብ፣ የቀኙ ብረት ጣውላውን እየፋቀ ሸርርር። ዳይሬክተሩ «ይሄ ነው ሰውዬው!» አለ።

እሑድ ከሰዓት የተቀዳው ድራማ ሲጀምር እናቷ «አልሰማም» ብላ ጓዳ ገባች። ሬዲዮኑ ሳሎን ነው። ዱብ፣ ሸርርር። ዱብ፣ ሸርርር። እናትየው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች፤ ልጇን ሳታያት ቀጥ ብላ ሄዳ የውጭውን በር ከፈተች። ማንም የለም። ብዙ ቆመች። ከዚያ ዘግታው መጥታ ኮቴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጫማውን አንቺ ነሽ የወሰድሽው?»

«ይቅር በይኝ፣ እማዬ።»

«ምኑን ነው ይቅር የምልሽ?» ዓይኗን ጠረገች። «የሚቀጥለው እሑድስ ይመጣል?»

ስለ ወንበሩ ዳግም የተነሳ ነገር የለም። ሽማግሌው ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ቤቱ ሲገባ፣ እናቷ ሬዲዮኑ ሥር ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። አይ እነዚያ እሑዶች! ቴፖቹ ላይ በኋላ ሌላ ተቀዳባቸው፤ አንድም አልተረፈ። ጫማው ግን አለ።

ኮቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ እናቷ አልጋ ያዘች፤ ዓይኗም ጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት «እስቲ ያን ሰውዬ አምጪልኝ» አለቻት። ኮቴ ወዲያው ገባት። ጫማውን አጥልቃ ከመተላለፊያው ጫፍ እየተራመደች መጣች። በሩ ጋ ስትደርስ እናቷ ፈገግ ብላለች።

«ብረቱ ጥርት ብሎ ይመታል» አለች። «እሱ የሚጎትተው ቀኙን ነበር። ይሄኛው ግራውን ነው።»

ኮቴ ባለችበት ቆመች። ግራ ጉልበቷን ካመማት ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናቴ እንዳታዝን ብላ ትንፍሽ አላለችም ነበር።

«አንቺው ነሽ የመጣሽው» አለች እናቷ፣ እጇን ወደ በሩ ዘርግታ። «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ብዙ ሄድሽ።»