ታችኛው ማሳ የሌለበት ጌም

ፊሊሞን ሐድጉ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ ይጠግናል። አባቱ ከማይጨው ወርደው ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ፣ ከአባቱ ሱቅ ጓሮ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ማረሻ ጨብጦ አያውቅም። ስለ እርሻ የሚያውቀው ገበሬዎች ስልካቸው እስኪሠራ ቁጭ ብለው ከሚያወሩት ብቻ ነበር።

ከሚያወሩት አንዱ ጋሽ ፈንታው ናቸው። ከሮቢት በታች ባለች ቀበሌ የውሃ አባት ናቸው። በዚያ አገር ቆላው ላይ ፀሐይ እየነደደ ተራራው ላይ ይዘንብና ደረቁ ወንዝ በድንገት ጎርፍ ይሞላል። ገበሬው በአፈርና በእሾህ ክትር ሠርቶ ጎርፉን ወደ ማሽላው ይመልሰዋል። ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣ የሚወስኑት የውሃ አባቱ ናቸው። የጋሽ ፈንታው ጉልበት ግን ከዳቸው፤ ቦዩን ተከትለው መሄድ አቃታቸው። ወጣቶቹም ሥራውን አልተማሩም።

አንድ ቀን የስልካቸው ስክሪን እስኪቀየር ድረስ በብሎንና በክብሪት እንጨት ቦዮቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው አሳዩት። ፊሊሞን ጎንበስ ብሎ ብሎኖቹን አያቸው። የታየው ጌም ነበር።

ሦስት ዓመት ፈጀበት። ከተጣሉ የልጆች መጫወቻዎች ቀፎውንና ቁልፎቹን፣ ከአሮጌ ስልክ ስክሪኑን ወስዶ መዳፍ የምታህል መጫወቻ ሠራ። ከላይ ተራራ አለ፤ ቀይ ጎርፍ ይወርዳል። ተጫዋቹ ክትር እየሠራና እያፈረሰ፣ ድንጋይ እየሸሸ፣ ጎርፉን ስክሪኑ ግርጌ ወዳለችው ማሳው ያደርሳል። ሠላሳ ደረጃ አለው፤ ከሃያ በላይ ያሉት ራስ ያዞራሉ።

ሚስቱ ትርሓስ ብዙ ታግሣ በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችው። “እስከ ግንቦት ነው የምጠብቅህ። የውሃ ማኅበሩ ለወጣቶቹ ማስተማሪያ ይሁን ብሎ ከተቀበለው ቀጥል። ካልተቀበለው ግን ትተወዋለህ፣ ወደ ስልክህ ትመለሳለህ።” እሱም እሺ አለ።

ግንቦት ላይ መጫወቻዋን ለወጣቶቹ ሰጣቸው። ለሁለት ሳምንት ተቀባበሏት። ሚኪያስ የሚባለው ሠላሳውንም ደረጃ ጨረሰ። የማኅበሩ ስብሰባ ሲደርስ ወጣቶቹ፣ “ጋሽ ፈንታው ይረፉ፣ ሚኪያስ ይተካ” አሉ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊቀመንበሩ ጌሙን ማኅበሩ እንዲረከበው ሐሳብ አቀረበ። ፊሊሞን ከኋላ ተቀምጦ ነበር።

“እስቲ እኔም ልየው” አሉ ጋሽ ፈንታው።

ሚኪያስ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ተጫወተላቸው። ማሳው ሞላ፣ መጫወቻዋ ዜማ አሰማች።

“ጎበዝ” አሉ። “ከዚያስ?”

“አለቀ፣ ጋሼ። አሸነፍኩ።”

“ክትሩን አትንደውም?”

“ለምን ብዬ?”

“ለየሺ ነዋ! ማሳዋ ከአንተ በታች አይደል?”

“ጋሼ ደግሞ! ስክሪኑ እዚህ ላይ ያበቃል።”

ወጣቶቹ ሳቁ። የሺ ግን ከሴቶቹ መሀል ነጠላዋን አስተካክላ፣ “በምድር ስትነፍጉኝ ኖራችሁ፣ አሁን ደግሞ በጌምም ነፈጋችሁኝ?” አለች። ሳቁ ባሰ።

ፊሊሞን ግራ ተጋባ። “ጋሽ ፈንታው፣ ክትሩ ይናዳል ብለው መቼ ነገሩኝ?”

“ይሄ ይነገራል እንዴ? ማሳህ ሲጠጣ ንደህ ለታችኛው ትለቃለህ። ሕፃን ያውቀዋል!”

“እኔ ከተማ ነው ያደግሁት።”

“ጌም እኮ ነው፣ ጋሼ” አለ አንዱ። “እጅ እናውጣ፣ መሸ።”

እጆች መውጣት ጀመሩ። ፊሊሞን አፉን ቢዘጋ ጌሙ ተቀባይነት ሊያገኝ ነበር። ተነሣ። “ቆይ፣ ሚኪያስ። ሐምሌ ላይ ማሳህ ሲሞላ ምን ታደርጋለህ?”

“ቤቴ ገብቼ እተኛለኋ!”

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ቀልዱን ይሁን የምሩን ፊሊሞን መለየት አልቻለም፤ የየሺን ፊት ግን አየ። አልሳቀችም።

“አትቀበሉት” አለ። “ጌሙ ስሕተት አለበት። በእሱ ሰው አትምረጡ።”

እጆቹ ወረዱ። ሚኪያስ መሬት መሬት አየ። ስብሰባው ማንንም ሳይመርጥ ተበተነ።

“ተቀበሉት?” አለች ትርሓስ፣ ከበሩ ሳይገባ።

“ሊቀበሉት ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።”

“ሦስት ዓመት” አለችና ትርሓስ ወደ ጓዳ ገባች።

ቃሉን ወዲያው አልጠበቀም። ተደብቆ ከታች አንድ ማሳ ለመጨመር ሞከረ። መጫወቻዋ ገና ጎርፉ ሳይወርድ ቀጥ አለች። ማሳውን አሳነሰው፣ ድንጋዮቹን ቀነሰ፤ ያው ሆነ። ዐቅሟ ያ ብቻ ነበር። ሰኔ ላይ ተወው።

በሰኔ ማብቂያ ሚኪያስ ወደ ሱቁ መጣ። ሰላምታም አልሰጠው።

“በሰው ፊት አዋረድከኝ።”

“አንተን አላልኩም። ጌሙን ነው።”

“ታዲያ አስተካክለዋ! ሦስት ዓመት ሠርተህ አንዲት ማሳ መጨመር አቃተህ?”

“አቃተኝ። አትችልም፣ ትንሽ ናት።”

“እና ከማን ልማር?”

“ከጋሽ ፈንታው።”

“ጋሽ ፈንታው ታመው አልጋ ከያዙ አሥር ቀናቸው ነው። አልሰማህም?”

ፊሊሞን አልሰማም ነበር። በእጁ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። መጫወቻዋም፣ ጋሽ ፈንታውም አሁን ሊያስተምሩት አይችሉም። ሚኪያስ ወጥቶ ወደ ሮቢት የሚሄድ ባጃጅ አስቆመና ተሳፈረ።