ማሽኑ ውስጥ የጨመርኩት ጠበል

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ላፍቶ አካባቢ በነበረ አንድ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ካገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይሄን ግን ልርሳው ብልም አልሆነልኝም፤ ግማሹ እስከ ዛሬ አልገባኝምና።

ፋብሪካችን የትራክተር ፒን፣ ማለትም ክፍሎቹን የሚያያይዝ ድቡልቡል ብረት፣ ያመርታል። ፒኑ ቶሎ እንዳይበላ ግሎ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ይህን ሥራ ለዓመታት የያዙት ጋሽ ደግፌ ነበሩ። ከሰላቸውን አቀጣጥለው፣ የብረቱን መቅላት በዓይናቸው ለክተው ነው የሚያወጡት። ከቀጥቃጭ ዘር ናቸው ይባላል። ቀጥቃጭ ደግሞ በእኛ ሰፈር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል። እኔም፣ ዛሬ እያፈርኩ ልናገር፣ ምሳዬን እሳቸው ፊት አልከፍትም ነበር።

አንድ ቀን ከምሥራቅ ጀርመን አዲስ ማሽን መጣ። እሳት የለው፣ ጭስ የለው። ያለው የተጠማዘዘ የመዳብ ቱቦ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ማቀዝቀዣ ውሃ ይዞራል። ፒኑን መዳቡን ሳታስነኩ መሀሉ አስገብታችሁ ፔዳሉን ስትረግጡ፣ ወዲያው ፍም ይመስላል። ኢንጂነሩ «ኤሌክትሪኩ ብረቱ ውስጥ እየተሽከረከረ ነው የሚያሞቀው» ብሎ አስረዳን። እኛም እንደ ገባው ሰው ራሳችንን ነቀነቅን። ጋሽ ደግፌ አንዱን ፒን ሰብረው አገላብጠው አዩና «ቆዳው ጠንክሯል፣ ሆዱ ግን እንደ ነበረ ነው» አሉ። «የሚፈለገውም እሱ ነው» አላቸው ኢንጂነሩ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ደግፌ ለሌላው ክፍል ከሰል ተሸካሚ ሆኑ።

ማሽኑን ለእኔ ሰጡኝ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረው። ማቀዝቀዣው ሲጎድል ከተጣራ የባትሪ ውሃ በቀር ሌላ እንዳይጨመር፤ ቀለበት ደግሞ እንዲወልቅ። የመጀመሪያውን እሺ አልኩ። ሁለተኛውን ግን፣ አዲስ ሙሽራ ቀለበቷን ታወልቃለች እንዴ? ክፉ ምልክት ነው። ቀለበቴን ሳላወልቅ ሥራ ጀመርኩ።

ሁለት ሳምንት ምንም አልሆንኩም። አንድ ጠዋት ግን ፒን ላስተካክል እጄን ጠጋ እንዳደረግሁ ፔዳሉን ሳላስበው ረገጥኩት። ቱቦውን አልነካሁም። እጄም ምንም ሙቀት አልተሰማውም። ቀለበቴ ብቻ ጣቴን አቃጠለኝ። ጮኼ ዞር ስል ጋሽ ደግፌ የከሰል ጆንያ ይዘው ከኋላዬ ቆመው ያዩኛል። ሌሎች ሠራተኞች ቀለበቱን በመጋዝ ቆርጠው አወጡልኝ።

ኢንጂነሩ ተቆጣኝ፤ ነግሬሽ አልነበር አለ። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ፒኑ ብረት ነው፣ የእኔ ቀለበት ብር ነው። ደግሞስ ሁለት ሳምንት ያላቃጠለ ነገር፣ እሳቸው የቆሙ ዕለት ለምን አቃጠለ? ዓይናቸው ነው አልኩ፣ በቃ።

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ እሑድ መካኒሳ አቦ ሄጄ ጠበል በጀሪካን አመጣሁ። ሰኞ ሰው ሳይገባ፣ ጥበቃውም ሳያየኝ ቀድሜ ገባሁ። ልረጨው ነበር ሐሳቤ። የውሃውን ጋን ሳየው ጎድሏል። ከመርጨት ማጠጣት አይሻልም? ሙሉውን ገለበጥኩት።

ማሽኑ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሠራ ቀይ መብራት አብርቶ ቆመ። ኢንጂነሩ ውሃውን ለክቶ «ባዕድ ውሃ ገብቶበታል፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል» አለ። ሦስት ቀን ሥራ ቆመ። በሦስተኛው ቀን አሻጥር የሚል ቃል መጣ። ያን ጊዜ አሻጥር የተባለበት ሰው ቤቱ ላይመለስ ይችላል። ጥበቃው ሰኞ ማለዳ ጋሽ ደግፌን ማሽኑ አጠገብ አየሁ ብሎ መሰከረ። ሥራቸውንም የነጠቃቸው ማሽኑ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ ማን ይፈልጋል?

ስብሰባ ተጠራን። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ካኪውን ለብሶ ተቀምጧል። «ጓድ ደግፌ፣ ሰኞ ማለዳ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«ከሰል ላነሳ ገብቼ ነው።»

«ማንን አየህ?»

ጋሽ ደግፌ ቀና ብለው ቀጥታ እኔን አዩኝ። ከዚያ አቀረቀሩ። «ማንንም አላየሁም» አሉ።

እንዳዩኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። «ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን ውሃ?»

«ጠበል።»

አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። «ለምን?» አለኝ ሊቀመንበሩ። ጋሽ ደግፌ ያዩኛል። ዓይናቸውን ፈርቼ ነው ማለት አቃተኝ። «ማሽኑን ፈርቼ» አልኩ።

ይህ ሊቀመንበር በውይይት ክበብ እግዚአብሔር የለም እያለ የሚያስተምረን ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የየት ጠበል ነው?» አለኝ። የአቦ ነው አልኩት። ወደ ጸሐፊው ዞሮ «በስህተት የቧንቧ ውሃ ተጨምሯል ብለህ ጻፍ» አለና ስብሰባውን በተነ። ለምን እንዳዳነኝ አላውቅም። በሌላ ቀንም ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም። ውሃው ተቀይሮ ማሽኑ ሥራ ጀመረ።

ከሥራ ስንወጣ ጋሽ ደግፌን ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ሮጬ ደረስኩባቸው። «ጋሼ፣ አይተውኝ ነበር አይደል?»

«አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔ ባልሠራሁት ስጠቆም ነው ያረጀሁት። ሰው መጠቆም አይሆንልኝም» አሉኝ። ጥቂት ተራመዱና «ጠበሉ ለማሽኑ ነው ያልሽው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ልጄ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የቀለበቱን ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ ልጄ አስረድቶኛል። ብርም ሆነ ወርቅ፣ ቀለበት ለዚያ ማሽን ያው ነው፤ ቱቦው አጠገብ ፔዳል ከተረገጠ ይግላል። ያን ተረድቻለሁ። የጋሽ ደግፌን «እሺ» ግን አልተረዳሁትም። አምነውኝ ይሁን አዝነውልኝ አላውቅም። እውነቱን ልነግራቸው ስንት ቀን አስቤ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም፤ አሁን እሳቸው የሉም። ለሰው ባወራው ይቀልለኛል ብዬ ነበር ይህን የጻፍኩት። አልቀለለኝም።