ጋሽ ካርታ ያላዩት ግንብ

የታሪክ መምህሩን ተማሪዎቻቸው ጋሽ ካርታ ይሏቸዋል። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎችን፣ አንድ ዘመን በግንብ ለሁለት ተከፍላ ወደነበረች ሩቅ አገር ከተማ ለጥናት ይልካል፤ ልጆቹን የሚያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው። የክፍሉን ወለል መሃል ለመሃል በጠመኔ ያሰምሩና፣ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሳምንቱን ሙሉ እንዳይነጋገሩ ይከለክላሉ። መጀመሪያ ሳቅ ነው። ሰንበትበት ሲል ግን ከጓደኛዋ የተለየች አንዲት ልጅ ማልቀሷ አይቀርም።

"አያችሁ? ይሄ እንግዲህ ጠመኔ ነው" ይላሉ።

ከልጆቹ ጋር የሚሄደው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ አንዴ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ አንዴ የሰብሳቢው ሚስት። ዘንድሮ ጡረታ ሊወጡ ነውና ርዕሰ መምህሯ "ይሄኛው የእርስዎ ነው፣ ጋሼ" ብላ ቃል ገባችላቸው። ባለቤታቸው የካፖርታቸውን ገበር አስቀየረች።

ጉዞው ሲቃረብ ቢሮ ተጠሩ። የስፖርት መምህሩ፣ የርዕሰ መምህሯ የእህት ባል፣ ቀድሞ ተደላድሎ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ እርስዎማ ጥጉን ሁሉ ያውቁታል" አለች። "የማያውቅ ሄዶ ይወቅ ብዬ ነው።"

"እኔም እኮ አላየሁትም፣ ልጄ።"

"ኧረ እርስዎ! እዚያ ከኖረው ይበልጣሉ" ብሎ ሳቀ የስፖርት መምህሩ።

ቤት ገቡ።

"ምን አለችህ?" አለች ባለቤታቸው።

"በጣም ታውቃለህ አለችኝ።"

"እና ዝም ብለህ ወጣህ?"

"ሲያመሰግኑኝ ምን ልበል?"

"አይ አንተ! በጥፊ ቢሉህም እግዜር ይስጥልኝ ነው የምትለው።"

ልጆቹ ሲመለሱ የስፖርት መምህሩ ገለጻ ያድርግ ተባለ፤ በጋሽ ካርታ ክፍል፣ በጋሽ ካርታ ክፍለ ጊዜ። እርሳቸው ከኋላ፣ ከተማሪዎቹ ወንበር አንዱ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ፎቶዎቹ በፕሮጀክተር በየተራ ግድግዳው ላይ ታዩ፤ የሰውየው ፊት የሌለበት አንድም የለም።

"ግንቡ፣ ይኸው፣ ከኋላዬ ያለው ነው" አለ።

ጋሽ ካርታ አንገታቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ፤ ደግሞ ወደ ቀኝ። ሰፊ ትከሻው ሸፍኖታል።

"እስቲ ትንሽ ዞር በል" አሉ፣ ሳያስቡት፣ ለፎቶው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የስፖርት መምህሩ ይቅርታ ብሎ ከግድግዳው ፊት ዞር አለላቸው። ፎቶው ላይ ያለው ግን ፈገግ እንዳለ ቆሟል።