በአራት ቤት የተመዘገበው ሬዲዮ

የቤት ለቤት መዝጋቢዋ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ያንን ሰፈር ስታነሳ ግን ዛሬም ድምጿ ይለሰልሳል። ወይ ልጅነት! ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ተረከዙ ያለቀ ጫማ አድርጋ፣ ያገሩ ሀብት በማን እጅ ስንት እንደሆነ ለመገመት በየበሩ እያንኳኳች ትጠይቃለች፦ አልጋ አለ? ብስክሌት? የልብስ ስፌት መኪና? ሬዲዮ? ባለ ትልቅ ግቢው በሩን ገርበብ አድርጎ "ምን አለኝና!" ይላታል። የሌላት ደግሞ ወንበሩን በቀሚሷ ጠርጋ "አረፍ በይ" ትላታለች። እንዴት እንደምትወዳቸው!

በዚያ ጠባብ መንገድ አራተኛው ቤት ገብታ ሬዲዮ መኖሩን ከጻፈች በኋላ ጠረጴዛው ላይ አየችውና ክው አለች። ማዞሪያው በቀይ ክር ታስሯል። በሦስቱም ቤት ያየችው ይኸንኑ ነው! ለካ እሷ በፊት በር ስትወጣ ሬዲዮው በጓሮ አጥር እየዞረ ይቀድማት ኖሯል። ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን አለቃዋ ጠዋት የነገራት ትዝ አላት። የቦኖ ውሃ የሚገባው በግምቱ ከሁሉም በታች ለሆነው ሰፈር ነው። አራቱ ሬዲዮ እንደተጻፈ ካለፈ እነዚህ ሴቶች ወንዝ ሲወርዱ ሊኖሩ ነው።

"እማማ፣ ይሄ ሬዲዮ የማን ነው?" አለቻቸው የቤቱን ባለቤት።

"የኔው ነው፤ ማታ ማታ ሁላችንም እንሰማዋለን። ታዲያ ጎረቤቶቼ ባዶ ቤት ያሳዩሽ? ነውር አይደለም ልጄ?"

"ውሃው እኮ ይቀርባችኋል!"

አሮጊቷ ሬዲዮውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

በመሥሪያ ቤቷ ደንብ፣ ቅጹ ላይ ስርዝ ካለ የቤቱ ባለቤት አጠገቡ መፈረም አለበት። እሷም ቸኩላ፣ ትንሽ እንኳ ሳታስብ፣ ወደ ሦስቱ ቤት ተመልሳ በሰው ፊት እየሰረዘች አስፈረመች። አንዷ ሴት አማቷ ቆመው እያዩ ነው የፈረመችው። እስክሪብቶውን ስትመልስ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ መዝጋቢዋ ግን ያየችው ፊርማውን ብቻ ነው።

ውሃው በስምንተኛው ወር ገባ። ፈንጠዝያዋን አትጠይቁኝ! በእረፍት ቀኗ፣ ያላትን ደህና ልብስ ለብሳ እየበረረች ሄደች። ሴቶቹ ጀሪካን ደርድረው አገኘቻቸው። ሰላምታዋን መለሱላት፤ "ግቢ" ያላት ግን አልነበረም። ያቺ አማቷ ፊት የፈረመችው ሴት፣ ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር እያስተካከለች ቀና አለች።

"ድሆቹን ልታዪ መጣሽ?" አለቻት።